አፉ አንድ የሆነ ወናፍ፦ የስሚዝና የግሌዘር የሲንተቲክ ጄት ጥናት ሲዳሰስ

ጧፍን እፍ ብሎ ማጥፋት ልጅም ይችላል። ያንኑ ጧፍ ከዚያው ርቀት ላይ ሆኖ አየር ወደ አፉ እየሳበ ሊያጠፋው የሞከረ ሰው ግን ሳንባው እስኪሞላ ቢስብ ነበልባሉ እምብዛም አይነቃነቅም። የወጣውና የገባው አየር መጠኑ እኩል ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው መንገዱ ነው። ሲወጣ ከከንፈር ተላቅቆ ቀጥ ብሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ሲገባ ግን ከላይም ከታችም ከጎንም፣ ከዙሪያው ሁሉ እየተሰበሰበ ይመጣል። ባርተን ስሚዝና አሪ ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ1998 «ፊዚክስ ኦቭ ፍሉይድስ» በተባለው መጽሔት 10ኛ ቅጽ ላይ ያሳተሙት፣ በአማርኛ «የሲንተቲክ ጄቶች አፈጣጠርና ዕድገት» ልንለው የምንችለው ጥናት የቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው። (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያው ሲያዩት ተራ ነው። ዙሪያውን የተዘጋ ትንሽ ክፍል አለ፤ ከግድግዳዎቹ አንዱ የሚርገበገብ ስስ ሽፋን ነው፤ በሌላው ግድግዳ ላይ አንዲት ስንጥቅ ተበጅታለች። ሽፋኑ ወደ ውስጥ ሲጎብጥ አየር በስንጥቋ ይወጣል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ በዚያችው ስንጥቅ አየር ይገባል። የቀጥቃጭ ወናፍ ሲሠራ ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይይዘዋል። ወናፍ በአንድ በኩል አየር ቀድቶ በሌላ በኩል ወደ ከሰሉ ይነፋል፤ ይኸኛው ግን አፉ አንድ ብቻ ስለሆነ የተፋውን ያህል መልሶ ይጠጣል። አንድ ዙር ተጠናቆ ሂሳቡ ሲዘጋ ከክፍሉ በትርፍ የወጣ አየር የለም። ሆኖም ከስንጥቋ ጥቂት ራቅ ብሎ መዳፉን የዘረጋ ሰው ነፋስ ሲገፋው ይሰማዋል። የመጠነ ቁሱ ድምር ዜሮ ነው፤ የሞመንተሙ ድምር ግን ዜሮ አይደለም። «ሲንተቲክ» የሚለው ስምም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ጄቱ ከሌላ ቦታ የሚቀዳለት አየር ስለሌለ በዙሪያው ካለው አየር ይቀናበራል። መሐንዲሶችን ያጓጓቸውም ይኸው ነው። ቱቦ ሳይዘረጋ፣ መጭመቂያ ሳይተከል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ደርሶት በአውሮፕላን ክንፍ ቆዳ ሥር ሊቀበር የሚችል ነፋሻ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥናቱ 17 ገጽ ነው። አወቃቀሩ ከብዙ የዘርፉ ጽሑፎች የሚለየው እንደ ትረካ ስለሚሄድ ነው፤ ዋና ገጸ ባሕርይ አለው፣ ገጸ ባሕርይው ይወለዳል፣ ይጓዛል፣ ያረጃል፣ ይጠፋል። ይህ ገጸ ባሕርይ የአዙሪት ጥንድ ነው። ስንጥቋ 75 ሚሊ ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ያላት ስለሆነች፣ አየሩ ከሁለቱ ከንፈሮቿ ሲላቀቅ እንደ ብራና ጥቅልል በግራም በቀኝም ይጠቀለላል። ሁለቱ ጥቅልሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ፤ አንዱ ሌላውን እየገፋም ጥንዱ በራሱ ኃይል ወደፊት ይሄዳል። ሽፋኑ ፊቱን አዙሮ መሳብ ሲጀምር ጥንዱ ከስንጥቋ ርቋል፤ የሚሳበው አየር ከየጎኑ የሚመጣ ሌላ አየር ነው። ይህ ቅደም ተከተል ግልጽ ሆኖ ስለተቀመጠ፣ አንባቢው እንቆቅልሹ ከየት እንደሚፈታ ከቁጥሮቹ በፊት ያውቃል። በሽሊረን ዘዴ፣ ማለትም አየር በጥግግት ሲለያይ ብርሃን የሚታጠፍበትን መንገድ በመጠቀም፣ ከሽፋኑ ንቅናቄ ጋር ጊዜያቸው ተገጣጥሞ የተነሡት ሥዕሎች የዚህ ክፍል ጌጥ ናቸው። ጌጥ ስል ማስዋቢያ ማለቴ አይደለም። ሥዕሎቹ ቢወጡ ክርክሩ ራሱ ይላላል።

ጽሑፉን መጀመሪያ ያነበብሁ ሰሞን ነገሩ በቃል ብቻ አልያዝ ቢለኝ፣ አንድ ባዶ ሃይላንድ ቂጡን ቆርጬ ፊኛ ወጠርሁበት። ከማጨሻው ላይ የዕጣን ጭስ ሞልቼ ፊኛውን በጣቴ መታ ሳደርገው ከጠርሙሱ አፍ የጭስ ቀለበት ወጣ፤ ሳይቸኩል፣ ሳይበተን፣ ክፍሉን አቋርጦ መጋረጃው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ዙሪያው ተንቀጠቀጠና ተበጣጠሰ። ፊኛውን በጣም በቀስታ ስነካው ግን ቀለበት አልነበረም። ጭሱ አፉ ላይ ብቅ ይልና ፊኛው ሲመለስ ወደ ጠርሙሱ ተመልሶ ይገባል። ይህችን ሁለተኛዋን ትዝብት አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

በእኔ ሚዛን የጥናቱ ምርጥ ሐሳብ የመለኪያ ምርጫው ነው። ጸሐፊዎቹ በአንድ ንፋት የወጣውን አየር ከስንጥቋ እንደተመዘዘ ዘንግ ይቆጥሩታልና የዘንጉን ርዝመት ይለካሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በንፋቱ ጊዜ ያለው የአየር ፍጥነት ከቅጽበት ቅጽበት ተደምሮ የሚሰጠው ርዝመት። ድግግሞሹ ሳይቀየር የንፋቱ ጉልበት ቢጨምርም ቢቀንስም፣ የአዙሪት ጥንዶቹ የተጓዙት ርቀት በዚህ ርዝመት ሲካፈል የተለያየ የነበረው መንገዳቸው አንድ መስመር ላይ ይወድቃል። የሒሳብ ትምህርት የቀመሰ አንባቢ ይህ ምን ያህል እርካታ እንደሚሰጥ ያውቀዋል። ብዙ የሚመስለው ነገር አንድ ነበር፤ አንድ የሚያደርገውም መለኪያ ከመሣሪያው ባሕርይ የተወሰደ ነው እንጂ ከውጭ የተለጠፈ አይደለም። ጥሩ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይውን በራሱ አንደበት እንደሚያናግረው፣ ይህ ጥናት ጄቱን የሚለካው በራሱ ትንፋሽ ርዝመት ነው።

ሁለተኛው ብርቱ ጎን የአሉታዊ ግኝቱ ድፍረት ነው። ቀጣይነት ባለው ተራ ጄት ጠርዝ ላይ የሚወለዱ አዙሪቶች የኋላው የፊተኛውን ደርሶ ይይዘዋል፣ ሁለቱ ተጠማዘው አንድ ይሆናሉ፤ ጄቱ የሚሰፋበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ስሚዝና ግሌዘር በእነርሱ ጄት ይህ እንደማይሆን ያሳያሉ። የአዙሪት ጥንዶቹ እንደ ባቡር ፉርጎ ተከታትለው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አይበላም። እያንዳንዱ በስንጥቋ ርዝመት አቅጣጫ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ወደ ሁከት ይለወጣል፣ ፍጥነቱን ያጣል፣ በመጨረሻም በአማካዩ ፍሰት ውስጥ ማንነቱን አጥቶ ይቀልጣል። «አልሆነም» ብሎ ማስረጃ ማቅረብ «ሆነ» ከማለት ይከብዳል። እዚህ ላይ ጽሑፉ ሳይጮህ አሳምኖኛል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በስንጥቋ አቅራቢያ የታየው ተቃርኖ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ከዚህ በላይ ሊቆዩበት የሚገባ ይመስለኛል። ጥንዱ ከስንጥቋ እየራቀ ሲሄድ ፍጥነቱ ያለማቋረጥ ይቀንሳል፤ በዚያው ሥፍራ የጄቱ አማካይ ፍጥነት ደግሞ ይጨምራል። ተጓዡ እየዘገመ መንገዱ እንዴት ይፈጥናል? መልሱ ያለው አማካይ በሚባለው ነገር ውስጥ ነው። ስንጥቋ አጠገብ የንፋቱና የስበቱ ጊዜ አንድ ላይ ተደምረው ስለሚካፈሉ ወደፊት የሄደው ወደ ኋላ ከተሳበው ጋር ይጣፋል። ራቅ ሲባል የስበቱ እጅ አይደርስም፤ ወደፊት የሚሄደው ብቻ ይቀራል። ጄት የምንለው ነገር የሚወለደው ስንጥቋ ላይ ሳይሆን ከእርሷ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በእንዲህ ያለ ግልጽነት ከጽሑፉ ውስጥ ላገኝ በወደድሁ፤ ማስረጃው ሁሉ እያለ ድምዳሜው በሥዕላዊ መግለጫዎች መካከል ተበትኖ ይገኛል።

የሩቁ መስክ ክፍል የቁጥር ክፍል ነው። በተለመደው ጠፍጣፋ ጄት የመካከሉ ፍጥነት ከርቀቱ ዳግም ዘር ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል፤ ማለትም አርቢው ከዜሮ በታች 0.5 ነው። ስፋቱ ከርቀቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ የሚያጓጉዘው አየር መጠን ደግሞ በ0.5 አርቢ። ስሚዝና ግሌዘር ለሲንተቲኩ ጄት ያገኙት ይለያል፦ ፍጥነቱ በ0.58 ይቀንሳል፣ ስፋቱ በ0.88፣ የሚጓጓዘው አየር በ0.33 ያድጋል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ማመሳከር የሐያሲ ግዴታ ነው። ፍጥነትና ስፋት ሲባዙ የአየሩን መጠን ይሰጣሉ፤ ከ0.88 ላይ 0.58 ሲነሣ 0.30 ይቀራል፣ ተለክቶ የተገኘው 0.33 ነው። ለሁከታም ፍሰት ልኬት ይህ ቅርበት የሚያስመሰግን ነው። ሞመንተሙን ለመገመት ፍጥነቱን ሁለት ጊዜ ብንቆጥር፣ የ0.58 እጥፍ ከ0.88 ላይ ሲነሣ ከዜሮ በታች 0.28 ይሆናል። ስለዚህ የጄቱ ሞመንተም በመንገድ ላይ ይመናመናል፤ በተለመደው ጄት ግን ሳይጓደል ይዘልቃል። ጸሐፊዎቹ ምክንያቱን በስንጥቋ አካባቢ ባለው፣ ፍሰቱን ወደ ኋላ በሚገታ የግፊት ልዩነት ላይ ያኖሩታል። እዚህ ላይ ቋንቋቸው ቁጥብ ነው፤ ግኝቱ ከዚህ ማብራሪያ ጋር ይስማማል ይላሉ እንጂ ማብራሪያው ተረጋገጠ አይሉም። ያን ቁጥብነት አከብራለሁ። ሆኖም አንባቢው ብዙ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ «ይስማማል» የሚለው ቃል ብቻውን መቆሙ ያሳሳል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። የመጀመሪያው ርዕሱ ላይ ነው። ርዕሱ ስለ ሲንተቲክ ጄቶች በጠቅላላው ያወራል፤ ውስጡ ያለው ግን አንድ ቅርጽ ነው፣ ረጅም ስንጥቅ። ከስንጥቅ የሚወጣው ጥንድ ሁለት ጫፎች አሉት። ከክብ ቀዳዳ የሚወጣው፣ የእኔ ሃይላንድ የወለደው፣ ራሱ ላይ የገጠመ ቀለበት ስለሆነ ጫፍ የለውም፤ አካሄዱም አሟሟቱም የራሱ ነው። ግሌዘር ራሱ ከጄምስና ከጄኮብስ ጋር በ1996 በዚያው መጽሔት ላይ በውሃ ውስጥ በሚርገበገብ ሽፋን ስለሚፈጠር ክብ ጄት ጽፎ ነበርና ልዩነቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። «ጠፍጣፋ» የምትል አንዲት ቃል ርዕሱ ላይ ብትጨመር ምንም አይጎድልበትም ነበር። ይህ የቃል ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ በኋላ የመጡ አንባቢዎች የስንጥቁን ቁጥሮች ወደ ክብ ቀዳዳ እንዳያሻግሩ የሚያስጠነቅቃቸው አጥር ይሆን ነበር።

ስለ ቀለበት ከተነሣ በዚያው በ1998 የወጣ ሌላ ሥራ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ፍትሐዊ ነው። ሞርተዛ ጋሪብ፣ ኤድሞንድ ራምቦድና ካሪም ሻሪፍ «ጆርናል ኦቭ ፍሉይድ ሜካኒክስ» ላይ ባወጡት ጥናት በውሃ ውስጥ በፒስተን ቀለበት እየገፉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ቀለበት ምን ያህል ሊጠግብ ይችላል? የተገፋው ውሃ ርዝመት የቱቦውን ስፋት 4 ጊዜ ያህል እስኪሆን ድረስ ቀለበቱ የሚሰጡትን ሁሉ ይወስዳል። ከዚያ በላይ ከገፉት እምቢ ይላል፤ ትርፉ ከኋላው እንደ ጅራት ይጎተታል። ይህ ቁጥር በተለያዩ ሁኔታዎች ከ3.6 እስከ 4.5 ባለው ክልል ውስጥ ይቆያል፤ ለምን እንደሚሆንም የኬልቪንና የቤንጃሚንን የኃይል መርሕ ይዘው ያስረዳሉ። የጋሪብ ጓዶች ፒስተን የሚገፋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ መልሶ አይስብም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ሲንተቲክ ጄት መገልበጥ ስህተት ይሆናል። ነገር ግን እነርሱ ለአንባቢው በኪሱ ይዞት የሚሄደው አንድ ቁጥር ሰጥተውታል። ስሚዝና ግሌዘር የሰጡት ባለጸጋ ገለጻ ነው፤ ዲዛይነር ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ «ከዚህ በታች አትውረድ፣ ከዚህ በላይ አትውጣ» የሚል ድንበር ግን እጁ ላይ አይቀርም።

ሁለተኛውና ዋነኛው ወቀሳዬ ከዚህ ይቀጥላል፦ የትንፋሹ ግማሽ ከመድረክ ውጭ ቀርቷል። ርዕሱ አፈጣጠር ይላል፤ ጄቱ መቼ እንደማይፈጠር ግን አይጠይቅም። ፊኛውን በቀስታ ስነካው ጭሱ ተመልሶ የገባው አዙሪቱ ከስበቱ ለማምለጥ የሚበቃ የራሱ ፍጥነት ስላልነበረው ነው። ስሚዝና ግሌዘር በስኬት ክልል ውስጥ ሆነው ስለሚለኩ የውድቀቱ ክልል በትረካቸው አይታይም። የመለኪያ መሣሪያቸውም በዚህ አልረዳቸውም፤ ፍጥነቱን የለኩት በጋለ ሽቦ ነው። የጋለ ሽቦ የአየርን ፍጥነት የሚያውቀው በመቀዝቀዙ ነው፤ አየሩ ከፊት መጣ ከኋላ ለሽቦው ያው ነው። ሁለቴ አቅጣጫውን በሚቀይር ትንፋሽ አፍ ላይ ይህ ቀላል ችግር አይደለም፤ ስለዚህ ለስንጥቋ ቅርብ የሆኑትን ልኬቶች ከሩቆቹ ይልቅ በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። የጎደለው ድንበር በግልጽ የተቀመጠው በ2005 ሆልማን፣ ኡቱርካር፣ ሚታል፣ ስሚዝና ካታፌስታ ባወጡት ጥናት ነው። ጄት መወለዱ የሚወሰነው በትንፋሹ ርዝመትና በአፉ ስፋት ንጽጽር ላይ እንደሆነ፣ የሚፈለገውም መጠን ለክብ ቀዳዳ ዝቅ፣ ለስንጥቅ ከፍ እንደሚል አሳዩ። ከአምስቱ ስሞች አንዱ ስሚዝ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሦስተኛው ቅሬታ ቀለል ያለ ነው። ጽሑፉ አዲሱን ጄት በአሮጌው ጄት መስፈሪያ እየሰፈረ «ያንሳል፣ ይበልጣል» ይላል፤ አርቢዎቹን ብቻ ያየ አንባቢ ሲንተቲኩ ጄት በዙሪያው ያለውን አየር በደካማ እጅ የሚጎትት ሊመስለው ይችላል። ስሚዝ ከስዊፍት ጋር በ2003 ሁለቱን ጄቶች በቀጥታ ሲያነጻጽር ግን በቅርቡ መስክ ሲንተቲኩ የበለጠ አየር እንደሚጎትትና ፈጥኖ እንደሚሰፋ አገኘ። ሁለቱ ግኝቶች አይጣሉም፤ አንዱ ስለ ሩቁ የዕድገት ፍጥነት፣ ሌላው ስለ መነሻው መጠን ይናገራል። ያም ሆኖ የ1998ቱ ጽሑፍ ይህን የመሳሳት በር ክፍት ትቶታል።

ጄቱ የሚተፋው በረጋ አየር ውስጥ ነው፤ የፍሰት ቁጥጥር ደግሞ የሚካሄደው በሚነፍስ አየር ውስጥ፣ ክንፍ ላይ ነው የሚል ወቀሳ ሊነሣ ይችላል። ይህን አልቀበለውም። ጸሐፊዎቹ ያን ቃል አልገቡም፤ ልጅን ከመዳሩ በፊት ማሳደግ ይቀድማል። እነርሱ ራሳቸው በ2002 ሲንተቲክ ጄት ከጎኑ ያለውን ትልቅ ጄት እንዴት አቅጣጫ እንደሚያስቀይረው በሌላ ጽሑፍ አሳይተዋል፤ ያ ሥራ ያለዚህኛው መሠረት አይቆምም ነበር።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልበል። የዘርፉ ጽሑፍ እንደሚሆነው ድርጊት ፈጻሚ የሌለው፣ ደረቅ ቋንቋ ነው። ስለ አዙሪቱ ሲያወራ ግን ሳያስበው ይለመልማል፤ ጥንዱ ይዘገያል፣ ማንነቱን ያጣል፣ ከብዙኃኑ ጋር ይቀላቀላል። ጸሐፊዎቹ እዚያ ላይ ከልኬት አልፈው ያዩትን ነገር እንደወደዱት ይታወቃል፤ እኔም የወደድኋቸው እዚያ ላይ ነው።

ፍርዴ ይህ ነው፦ በአንድ ቅርጽ ላይ የተሠራ፣ ከቅርጹ በላይ ሰፊ ስም የተሰጠው፣ ስለ አዙሪት ጥንድ ጉዞ ግን እስካሁን ካነበብኋቸው ሁሉ የጠራ ጥናት ነው። አስተማሪ የሆነ ሰው ከተማሪዎቹ ጋር ሲያነበው በቁጥሮቹ አይጀምር፤ መጀመሪያ የሽሊረን ሥዕሎቹን ያሳያቸው፣ ቀጥሎ የትንፋሹን ርዝመት ያስለካቸው፣ የ2005ቱን ጥናት ደግሞ አብሮ ያስይዛቸው። ሃይላንድና ፊኛም አይጥፋ።